የምች ዘመድ

ሰው እናቱ ስትሞት ድምጿ ይናፍቀዋል፣ እጇ ይናፍቀዋል፣ ወጧ ይናፍቀዋል። እኔን የሚናፍቀኝ ምራቋ ነው። ሳቁ እንግዲህ፣ ማን ከለከላችሁ! እኔም ከሰው አፍ ብሰማው እስቅ ነበር።

በእኛ አገር፣ በቢስቲማ በኩል፣ ትልቅ ሰው ሲመርቅ ዱአ አድርጎ ብቻ አይተውም። እጁን ዘርግቶ አላህን ይለምናል፣ የተቀመጠውን ሁሉ አሚን ያስብላል፣ መጨረሻ ላይ የሚመረቀው ሰው አናት ላይ እንትፍ ይላል። መትፋት አይደለም፤ ከተማ ያደገ ሰው መትፋት ይመስለዋል። ከምላስ ጫፍ የምትነሳ፣ ካፊያ የምታህል ነገር ናት። ያችን ያላገኘ ሰው ምርቃቴ ጎደለ ብሎ ነው የሚሄደው። ሌላው ለወጉ ያህል እንትፍ ሲል እናቴ ግን የምሯን ነበር። ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ እስከ መኪናው ትሸኘኝና ሻሼን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አናቴን ታርሰዋለች። እኔ ደግሞ ያኔ በሁሉም ነገር የማፍርበት ዕድሜዬ ነው። ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ቅባት ተቀብቼ፣ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እያየኝ!

«እማ፣ በቃ፣ አጠብሽኝ እኮ!» እላታለሁ።

«ዝም በይ፣ ሳይደርቅ ነው አላህ የሚሰማው» ትለኛለች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት የሚገባው ነፋስ አናቴን ቀዝቀዝ ያደርገው ነበር። ሐይቅ ከተማ ከመድረሴ በፊት ይደርቃል።

እናቴ አንድ ፉከራም ነበረቻት። ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ ሰው ተሰብስቦ እኔ ብቅ ካልኩ እጄን ይዛ፣ «ይችን ልጅ በጥርሴ ነው ያሳደግኋት» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔ የተወለድኩት ዝናቡ በሰኔ ቃል ገብቶ በሐምሌ የካደበት ዓመት ነው። ጡቷ ነጠፈ። ላም የለ፣ ፍየል የለ፤ ቤት ውስጥ የነበረው ጥቂት ገብስ ነው። ያንን ቆልታ ጭብጥ ወደ አፏ ታስገባና ወተት እስኪመስል ድረስ ታኝከዋለች፣ ከዚያ በጣቷ እየጠረገች በአፌ ታደርግልኛለች። ጉዱ ምኑ ላይ ነው፣ እሷም ርቧታል። የራበው ሰው ገብስ አኝኮ ሳይውጥ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ ሞክሩት። እኔ ካደግሁ በኋላ፣ ያውም ጠግቤ፣ ሞክሬው ጉሮሮዬ አልታዘዘኝም፣ ዋጥኩት።

ይህንን ሁሉ ያስቀደምኩት በኋላ የተናገርኩትን ነገር ክፋት እንድታውቁልኝ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሱሪ የሚሰፋበት ፋብሪካ እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ ወገብ ነው። አንዷ ኪስ፣ አንዷ ዚፕ፣ እኔ ወገብ፤ ቀኑን ሙሉ ወገብ። ሙሉ ሱሪ ስፊ ብትሉኝ አልችልም። የምኖረው ከአንዲት የመርሳ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው፤ እሷ ዚፕ ላይ ናት። አንገቴ ላይ ያለውን ነገር መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። ሂጃቤን በስፒል እያያያዝኩ ሳለ፣ «ቆይ ቆይ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ዳሰሰችኝ። ከአጥንቴ በላይ፣ በግራ በኩል፣ የሽንብራ እሸት የሚያህል ነገር። አያምም።

«ንፍፊት ነው» አለች ወዲያው፣ ሐኪም የሆነች ያህል። «የት ላይ ቆስለሻል?»

ንፍፊት መቼም ቁስል ሳይኖር አይወጣም ብለን ነው ያደግነው። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ ይወጣል፤ የአንገት ደግሞ ከራስ ወይም ከጥርስ ነው። ራሴን እንደ ቅማላም ልጅ ፈተሸችኝ። ምንም የለም። እንግዲያው ጥርስ ነው ተባለ። ሄጄ አንድ መንጋጋዬን አስነቀልኩ። ጥርሱ እኮ ደህና ነበር! ነቃዩ ራሱ በመቆንጠጫው ይዞ እያገላበጠ፣ «እህቴ፣ ይሄ ምን አደረገሽ?» አለኝ። ንፍፊቱ ግን እዚያው ነው፤ ጭራሽ ጓደኛ አመጣ። ሁለት ሆኑ፣ ሦስት ሆኑ።

ላብም ያልበኝ ነበር፤ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ ማን የማያልበው አለ? ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ያጋለጠኝ ደሴ ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰርግ ተጠርተን ወጣን። ደሴን ታውቋታላችሁ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ደርቦ ተኮራምቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ላቤ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል። የመርሳዋ ልጅ አየችኝና ሳቋን አቆመች። «አንች፣ ይሄማ የኮምቦልቻ ሙቀት አይደለም» አለችኝ። በማግስቱ እዚያው ደሴ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ገባች።

በመርፌ ቀዱ፤ አልገባንም አሉ። ቲቢ ይሆናል ብለው መረመሩ፤ አልሆነም። ከዚያ አንዱን ንፍፊት ሙሉውን ቆርጠው አወጡና አዲስ አበባ ላኩት። ውጤቱ እስኪመጣ ወገብ እየሰፋሁ ቆየሁ። ሲመጣ ወደ ደሴ ተጠራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲያወራ እስክሪብቶ እየከፈተ የሚዘጋ። እኔ ደግሞ ሐኪም ሲናገር እሺ እሺ ብዬ የምወጣ ሰው አይደለሁም፤ ካልገባኝ አልነሳም። ይህን ሲያይ መሰለኝ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«ንፍፊት የምትይው ነገር ሁሉም ሰው ያለው ነው፤ ካላበጠ አይታይም እንጂ» አለኝ። «የሊምፍ እጢ ይባላል። ኬላ በይው። ወደ ሰውነትሽ የሚገባ ነገር እዚያ ይፈተሻል። ጥበቃዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ሕመም ሲመጣ ይበዛሉ፣ እጢው ያብጣል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። ያንቺ ግን ያመፁት ጥበቃዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሊምፎማ ይባላል። ካንሰር ነው። ግን ሕክምና እሺ ከሚሉት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ትድኛለሽ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

ካንሰር ካለ በኋላ ያለውን ለጊዜው አልሰማሁትም። ጣቴ የወንበሩን ስፌት ሲዳስስ አገኘሁት፤ ስፌቱ ጠማማ ነበር። ከዚያ፣ «ምን አድርጌ ነው?» አልኩት።

«ምንም። ከንፈር ላይ ምች ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ያላየ አለ?»

«እሱን የሚያመጣው ኸርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ዘመዶች አሉት። አንዱ ዘመዱ እነዚህ ነጭ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ አይወጣም። አብዛኛው ሰው ላይ ምንም ሳያደርግ ተኝቶ ይኖራል። አንዳንዴ ግን የተኛበትን ሴል፣ መሞቻው ሲደርስ፣ አትሙት፣ ተባዛ ይለዋል። ብቻውን ካንሰር አያመጣም፤ ሌላ ብዙ ነገር ይጨመርበታል፤ ብዙውን እኛም ገና አናውቀውም። ካንቺ እጢ ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ እዚህ አይሠራም። በአገራችን እንዲህ ዓይነቱ ሕመም ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ ነው የምነግርሽ።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«በምራቅ ነው። ልጅ ሆነን። በመሳም፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት፣ እናት አኝካ ስታጎርስ። እኔም አለብኝ እኮ። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አለበት ብትይ አልተሳሳትሽም። ማንም ማንንም የሚወቅስበት አይደለም።»

ይችን የመጨረሻዋን ነገር ሰምቻታለሁ። ወላሂ ሰምቻታለሁ። ግን ወደ ቤት ይዤ የመጣሁት ሌላውን ነው።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። እሷ ስልክ ስታወራ ከአፏ ፊት ይዛ ነው የምትጮኸው፤ የምትመልሱላትን ለመስማት ደግሞ ወደ ጆሮዋ ትወስደዋለች፤ ስለዚህ የምትሉት ነገር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ምን አሉሽ?»

ካንሰር የሚለውን ቃል ለእናቴ ማን ይነግራታል? አፌ ላይ ሌላ ቃል ተገኘ። «የምች ዘመድ ነው አሉኝ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ! ምች ነው? እኔ ድሮም ብያለሁ! ያንን ሁሉ ሱሪ ስትሰፋ ውላ ላቧን ይዛ ፀሐይ ላይ ትወጣለች፣ እሷን ምች ያልመታ ማንን ሊመታ ነው! አብሽሪ ልጄዋ፣ ዳማከሴ አለ!»

አርብ ዕለት በሾፌር እጅ አንድ እቅፍ ዳማከሴ ደረሰኝ፤ ቅጠሉ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። ክፍላችን ሁሉ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተ። ወዲያው ደግሞ ራሷ ደወለች። ጨመቅሽው? በአፍንጫሽ ሳብሽው? ትላለች። ያኔ ዝም ብዬ እሽ ብላት ምን ነበረበት! ግን እኔ ከሐኪም ጋር ያወራሁ ሰው ነኛ። ቫይረስ የማውቅ ሰው። ከገጠር የወጣሁ መሆኔን ለማስረሳት የማልሆነው ነገር የለም።

«እማ፣ ይሄ የፀሐይ ምች አይደለም እኮ» አልኳት እየሳቅሁ። «ዳማከሴ የሚሰማ አይደለም። ይሄኛው በምራቅ ነው የሚተላለፍ። ሕፃን ሆኖ ነው ሰውን የሚይዘው፤ እናት ቆሎ አኝካ ስታጎርሰው።»

ስልኩን ከአፏ ወደ ጆሮዋ እየወሰደች ሳለ ያችን ነገር ሳትሰማት ቀርታ ቢሆን ብዬ እስከ ዛሬ እመኛለሁ። ግን ሁሉንም ነው የሰማችው። ከበስተጀርባዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«እንግዲያ እኔ ነኛ» አለች።

«ኧረ እማ፣ እንዲያ አይደለም፣ ሁሉም ሰው…»

ስልኩን ሳትዘጋው አንድ ቦታ አስቀመጠችው። እኔ ከዚህ እማ፣ እማ እላለሁ፤ እግሯ ከቤት ሲወጣ ሰማሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ያንን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው።

ሕክምናው ስድስት ወር ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ፣ በክንዴ አንዱ ቀይ፣ ሌሎቹ ውሃ የሚመስሉ መድኃኒቶች ይገቡልኛል፣ ከዚያ እያስመለሰኝ ቁልቁል። ፀጉሬ ትራሱ ላይ ቀረ። የመርሳዋ ልጅ ከፈረቃዋ እየቀረች ትሸኘኝ ነበር፤ አላህ ይስጣት። እናቴ ግን አልመጣችም። እናቴ እኮ ናት! ኮምቦልቻ ጉንፋን ያዘኝ ስላት ዶሮ ታቅፋ ትመጣ የነበረች ሴት፣ አሁን ማር ትልካለች፣ ቅቤ ትልካለች፣ እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ትልካለች፤ ራሷ አትመጣም። ስደውል «ዱአ እያደረግሁ ነው» ትለኛለች። ፈርታኝ ነው ብዬ ተቀየምኩ። ካንሰር መሆኑን ከሰው ሰምታ፣ ልጄ ትሞታለች ብላ፣ ላለማየት ነው ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ። ጅል!

ሕክምናው ሲያልቅ ንፍፊቶቹ ሟሙ። ሐኪሙ ዳስሶ ዳስሶ «ጥሩ ነው» አለኝ። እኔም ከሥራ አስፈቅጄ መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ አገር ቤት መሄድ ነው።

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሮጬ ልስማት ስል ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና ትከሻዋን ሰጠችኝ። እንደ ጀናዛ ቤት እንግዳ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ምሳ ሲቀርብ ለእኔ በትልቁ ትሪ፣ ለራሷ ጥግ ላይ በትንሽ ሳህን አደረገች። የምትጠጣባትን ጣሳ በሚስማር ጭራ ምልክት አድርጋባታለች፣ ከሌላው እንዳትቀላቀል። ያኔ ገባኝ። እኔን አይደለም የፈራችው፤ ራሷን ነው።

«እማ፣ አጉርሽኝ» አልኳት።

«እጅሽ ደህና አይደለም? ብይ» አለችኝ።

ሦስት ቀን ቆየሁ። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲሰበሰብ ያችን ፉከራዋን ጠበቅኩ። አንዷ እንዲያውም፣ «በጥርስሽ ያሳደግሻት ልጅ ዳነችልሽ» አለቻት። እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በምሄድበት ቀን እስከ መኪናው ሸኘችኝ። እጇን ዘረጋች፣ ረጅም ዱአ አደረገችልኝ፣ እኔና እዚያ የቆመው ሁሉ አሚን አልን። ሻሼን ራሴ ገለጥኩና አንገቴን ደፋሁ። አናቴ ላይ ገና የበቀለ ጨቅላ ፀጉር አለ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ቀና ስል ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች። ስትውጠው ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

«እንትፍ በይብኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። እናቴ ላይ፣ ሰው ፊት!

«አላህ ይጠብቅሽ ብያለሁ፤ እሱ ይበቃል።»

«እማ፣ ሁሉም ሰው አለበት እኮ! ሐኪሙ ራሱ አለብኝ ብሎኛል!»

«እሱ ታዲያ ለምን አልታመመም?»

ይሄን ሐኪሙም አያውቀውም፤ ነግሮኛል። መኪናው ውስጥ ገባሁ፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ አናቴን አገኘው። ደረቅ ነበር።

ደሴ ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ እግር ላይ ልወድቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። በእናትህ፣ አንተ ንገራት አልኩት። ሰው ወረፋ ይዞ እየጠበቀው ስልኬን ተቀብሎ ደወለላት።

«እናቴ፣ እንደምን አደሩ? እርስዎ ጥፋት የለብዎትም። ቫይረሱን እርስዎ ባይሰጧት ጎረቤት ይሰጣት ነበር፣ ሠፈር ይሰጣት ነበር፤ የማያገኘው ሰው የለም። እርስዎ አኝከው ባያጎርሷት ግን ያኔ በረሃብ ትሞት ነበር። ያተረፏት እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ አድርጎ ነገራት። እኔ ያን ቀን በስልክ እንዲህ ብናገር ኖሮ! እናቴ፣ «እሽ ልጄ፣ ጀዛከላሁ ኸይር፣ አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» ስትል ይሰማኛል። ተደሰትኩ፣ አለቀ ብዬ። አመሻሽ ላይ ደወልኩላት።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለች። «እናት ማጽናናት ያውቅበታል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እናቴ ሞኝ አልነበረችም። ግን ወረቀት ሆነች፤ የጻፍኩባት እኔ ነኝ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። እኔ ወገብ እሰፋለሁ፣ በየጊዜው ደሴ ወጥቼ አንገቴን አስዳስሳለሁ፣ የለም እባላለሁ። በየበዓሉ አገር ቤት እሄዳለሁ፤ ትሪ ለብቻ፣ ጣሳ ለብቻ፣ ዱአ ያለ እንትፍ። የእህቶቼን ልጆች እንኳ አትስምም ነበር። ልጆቹ አያታችን ኩሩ ናት ይላሉ። ከዚያ ጥርሶቿ አንድ በአንድ ወላለቁ። የመጨረሻው ሲወድቅ፣ «ተገላገልኩት» አለች፤ እኔ ምን ማለቷ እንደሆነ ስለገባኝ ወጥቼ ከቤቱ ኋላ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ታመመች። ኩላሊቷ ነው አሉ፤ ከእኔ ሕመም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አጥሚት ብሰጣት እንቢ፣ ወተት ብሰጣት እንቢ፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንድ ረፋድ ላይ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። መደቡ ላይ ተኝታ፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ እግሯ ላይ አርፏል።

«ምን ላምጣልሽ እማ? ምን አማረሽ?»

ትንሽ አሰበች። «ቆሎ» አለች። ቀጥላ በራሷ ሳቀች፤ ባዶ ድዷ ታየ። «የገብስ ቆሎ። ጉድ እኮ ነው፣ በምኔ ልበላው!»

ተነሳሁ። ገብስ ፈልጌ ቆላሁ። ትኩሱን ጭብጥ ወደ አፌ አስገባሁና እሷ ፊት ተቀምጬ ማኘክ ጀመርኩ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ አየች። አኘክሁ፣ አኘክሁ፤ ወተት እስኪመስል ድረስ። ያን ጊዜ ያልታዘዘኝ ጉሮሮዬ ያን ቀን ታዘዘኝ። በጣቴ ጠረግሁና ወደ አፏ አቀረብኩላት። በልቤ፣ ይሄንን ከበላች ገባት ማለት ነው፣ ምራቅ ጥፋት እንዳልሆነ አመነች ማለት ነው፣ ይቅር አለችኝ ማለት ነው እላለሁ።

እናቴ ጣቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«አምጭው» አለች። «የኔው ነው። ወደ እኔ ይመለስ።»

ክው አልኩ። እንዲህ አይደለም እማ፣ አይመለስም፣ እንዲያ የሚባል ነገር የለም፤ ይሄ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ሴሉ፣ ኬላው፣ ጥበቃው፣ ሐኪሙ ያለኝ ሁሉ። ዕድሜዬን ሙሉ አርፎ የማያውቅ አፌ ያን ቀን አረፈ። ጣቴን አፏ ውስጥ አደረግሁላት። እየመጠጠች በላችው። ሌላ አኘክሁላት፤ በላች። የቆላሁትን ሁሉ እስኪያልቅ ድረስ በላች፤ ለሳምንት እህል እንቢ ያለች ሴት! ሲያልቅ፣ «አለ ወይ? እንዳይተርፍ» አለችኝ።

«የለም እማ፤ አለቀ።»

«ሁሉንም ሰጠሽኝ?»

«ሁሉንም።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ዐይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ በጣቷ ወደ እሷ ጠራችኝ። ሻሼን ገለጥኩና አንገቴን ደፋሁላት። ዱአውን አልሰማሁትም፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ እንትፍ አለችብኝ። ምራቅ አልነበራትም። እስትንፋሷ ብቻ ነው የደረሰኝ፣ ሞቅ ያለ፣ የገብስ ሽታ ያለው። እኔ ግን አሚን፣ አሚን፣ አሚን አልኩ።

ጎረቤታችን ልትጠይቃት የገባችው ያኔ ነው። እናቴ ዐይኗን ገለጠችና እጄን ፈልጋ ያዘች።

«ይችን ልጅ» አለቻት፣ በዚያ ባዶ ድዷ፣ «ይችን ልጅ እኮ በጥርሴ ነው ያሳደግኋት።»

በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ባለፈው ሰሞን ለክትትል ደሴ ወጣሁ። ሐኪሙ አንገቴን ከግራም ከቀኝም ዳሰሰኝ፣ ብብቴን ዳሰሰኝ፣ መዝገቤ ላይ ጻፈ። «የለም» አለኝ። «እናትሽስ እንዴት ናቸው? አሁንም ራሳቸውን ይወቅሳሉ?»

«ኧረ የለም» አልኩት። «መልሳ ወስዳዋለች። ይዛው ሄደች።»

እስክሪብቶውን መክፈትና መዝጋት አቆመ። አንድ ነገር ሊል ነበር፤ አየሁት። ቫይረሱ እንደማይወጣ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ግን አላረመኝም። «አላህ ይማራቸው» ብሎ መዝገቤን አጠፈ።

ስወጣ ያካፋ ነበር፤ መቼም ደሴ ናት። ጃንጥላዬን ዘረጋሁና መልሼ አጠፍኩት። ከደረጃው ሥር ቆምኩ። ሰዎች ምን ነካት ብለው እያዩኝ ያልፋሉ። ሻሼ እስኪርስ፣ ከሻሼ ሥር አናቴ ቀዝቀዝ እስኪል ድረስ ቆምኩ። እናቴ ናፈቀችኝ። ከዚያ የኮምቦልቻ መኪና እንዳያመልጠኝ ወደ መናኸሪያው ሄድኩ።